ሁለት ዙር

በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ የሚያገኙኝ ሰዎች፣ «ለመሆኑ አንቺ የምትሮጪው ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ እንደማይሞላ፣ 800 ሜትር ብቻ እንደ ሆነ ስነግራቸው አንዳንዶቹ ያዝኑልኛል። «አይዞሽ፤ ስትጎለብቺ አሥር ሺሕ ትገቢያለሽ» የሚሉኝም አሉ። ስለዚህ የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ሩጫ ሕይወቴ ጥቂት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ነገሩን ለመምህራኖቼ፣ ለጓደኞቼና ለወላጆች ለማስረዳት መልካም አጋጣሚ ሆኖ ስላገኘሁት በደስታ ተቀበልኩ። ከዚህም ሌላ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱን ግን በቦታው አደርሰዋለሁ።

የጠያቂዎቼ ሐሳብ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አያስቸግርም። የሀገራችን ስም በዓለም የተጠራው ከሁሉ በፊት በረጅም ርቀት ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ጃቶ በተባለ መንደር የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ በ1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ድሉን ደገመው። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸናፊ ሆነች። ከዚሁ ከእኛ አካባቢ የወጣችው ጌጤ ዋሚም በ1991 ዓ.ም. በሴቪያ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ ርቀት ወርቅ አጥልቃለች። እንግዲህ ይህን ሁሉ እየሰማ ያደገ ሰው፣ ሁለት ዙር ብቻ ሮጦ ለሚያቆም ሰው ቢያዝን አይፈረድበትም።

ነገር ግን መካከለኛ ርቀትም ባለቤት አጥቶ አያውቅም። መሐመድ አማን በ2002 ዓ.ም. በሲንጋፖር በተደረገው የመጀመሪያው የወጣቶች ኦሊምፒክ በ1,000 ሜትር ብር አገኘ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም.፣ በሞስኮ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቃ። ገንዘቤ ዲባባ በ2007 ዓ.ም. በሞናኮ 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ከ07 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ያም ሰዓት እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ሳይነካ ቆይቷል። ጽጌ ዱጉማ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር የብር ሜዳልያ ወሰደች። የእርስዋን ሩጫ የተመለከትኩት በጎረቤታችን ቴሌቪዥን ነው። ሩጫው ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አለቀ፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔ ሩጫ የጀመርኩት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። በክፍሎች መካከል በተደረገው ውድድር የእኛ ክፍል ለሁለት ዙር ሩጫ የሚያቀርበው ሰው አጣ። አለቃችን እኔን ጠቁሞ፣ «ይህች በየቀኑ እየሮጠች ነው የምትመጣው» አለ። እውነቱን ነው፤ ቤታችን ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ስለሆነና ጠዋት እናቴን ሳላግዝ ስለማልወጣ፣ ደወል እንዳያመልጠኝ ሁልጊዜ እሮጥ ነበር። በኮንጎ ጫማዬ ሮጬ አንደኛ ወጣሁ። የስፖርት አስተማሪያችን የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ፣ «2 ደቂቃ ከ41» አሉና፣ «ልጄ፣ ከነገ ወዲያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እዚህ ሜዳ ላይ እንድትገኚ» ብለው አዘዙኝ። ለምን እንደ ሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የማያውቅ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ምን ማለት እንደ ሆነ አይገባውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነጭ ይሆናል፤ ሣሩም በእግር ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። በዚያ ሰዓት አስተማሪያችን ካፖርታቸውን ደርበው ቆመው ይጠብቁናል። ማሟሟቂያው ካለቀ በኋላ የዕለቱ ሥራ ይታደላል። ማክሰኞ 400 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ በመካከሉ ሦስት ሦስት ደቂቃ እያረፍን፤ ሐሙስ ዳገት፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአንኮበር መንገድ ረጅም የዝግታ ሩጫ ነው። ቁርሳችን እናቴ ለሽያጭ ከምታዘጋጀው በሶ የሚቀነስ ነበር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በቆላ ካለው ያንሳል፤ ሰውነታችንም ይህን ለማካካስ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ የደም ሴሎች ያበዛል። ለሯጭ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የሆነ ሆኖ አስተማሪያችን እንደሚሉት፣ ከፍታ ብቻውን ሯጭ ቢያደርግ ኖሮ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ሻምፒዮን በሆነ ነበር።

የ800 ሜትር ሩጫ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሯጮች እስከ መጀመሪያው ኩርባ መጨረሻ ድረስ በየመሥመራቸው ይሮጣሉ፤ ከዚያ በኋላ መሥመሩ ነጻ ይሆንና ሁሉም ወደ ውስጠኛው ይጠጋል። እዚያ ላይ ክርንና ክርን ይጋጫል፤ እግርም ከእግር ይነካካል። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ደወል ይደወላል። እስከ 500 ሜትር ድረስ ሰው በጉልበቱ ይሮጣል፤ ከ600 ሜትር በኋላ ግን እግር የባለቤቱ አልሆን ይላል፤ ጉሮሮም ይደርቃል። መቶ ሜትር ሯጭ ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ አሥር ሺሕ ሜትር ሯጭ ቢሳሳት የሚያርምበት ጊዜ አለው። እኛ ለማሰብ የሚበቃ ጊዜ አለን፤ ለማረም የሚበቃ ግን የለንም። ይህን ርቀት የወደድኩትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

አባቴ በመጀመሪያ ነገሩን አልወደደውም። በፋብሪካ የማታ ፈረቃ ሠርቶ ሲመለስ እኔ ስወጣ በር ላይ እንገናኝ ነበር። አንድ ቀን አስቁሞኝ፣ «ልጄ፣ መሮጡን ሩጪ፤ ነገር ግን ከክፍልሽ ከአምስተኛ ደረጃ ከወረድሽ ሩጫው በዚያው ይቀራል» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ውድድር ነበረብኝ ማለት ነው፤ አንዱ በሜዳ፣ አንዱ በክፍል። በሰሌዳ ላይ ውጤት በተለጠፈ ቁጥር ከጓደኞቼ ሁሉ ቀድሜ የምሮጠው ለዚህ ነበር።

በዘጠነኛ ክፍል ለዞን ውድድር ቀረብኩ። ከ18 ዓመት በታች ከሚሮጡት ሴቶች ሦስቱ ወደ ክልል ያልፋሉ። እኔ በ2 ደቂቃ ከ27 አራተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው ሯጭ እጅግ ጠንካራ ነበረች። ከሩጫው በኋላ ልብስ ስንቀይር ጨዋታ አንሥታ፣ «ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ» አለችን። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። ማንም ምንም አላለም፤ እርስዋም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እንዲያውም ብርቱካንዋን አካፍላናለች። ወደ ቤት ስመለስ ግን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ። በወረቀት ላይ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ሰው ትምህርት የጀመረ ልጅ ሲኖራት፣ በእርስዋና በእኔ መካከል የነበረው ልዩነት የሩጫ ብቻ አልነበረም።

በአሥረኛ ክፍል በ2 ደቂቃ ከ19 ዞኑን አሸንፌ ወደ ባሕር ዳር ሄድኩ። ከቤቴ ያን ያህል ስርቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ባሕር ዳር ከእኛ ከተማ አንድ ሺሕ ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትንፋሼ ሰፋልኝ፤ ሙቀቱ ግን አስጨነቀኝ። በፍጻሜው ውድድር፣ መሥመሩ ነጻ በሚሆንበት ቦታ ላይ ሦስት ሆነን ተጠላልፈን ወደቅን። ጉልበቴ ተልጦ ተነሥቼ ሩጫውን ጨረስኩ፤ የመጨረሻዋም ሆንኩ። አስተማሪያችን ቁስሌን እያጠቡ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልተናገሩም። በዓመቱ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ ወደዚያው ሜዳ ተመልሼ በ2 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ከ4 ሁለተኛ ወጣሁ። ሜዳልያውን ለእናቴ ሰጠኋት፤ እርስዋም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

አሁን ልነግራችሁ ወደ ፈለግሁት ነገር ደረስኩ።

ከባሕር ዳር በተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ከቤታችን መጣ። ከአንድ የሥልጠና ማዕከል እንደ መጣ ተናገረ። ሩጫዬን ማየቱን፣ ተስፋ እንዳለኝ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የመሮጫ ጫማና የወር ገንዘብ እንደሚሰጠኝ ለአባቴ አስረዳው። የጠራው ገንዘብ እናቴ በሶና ቆሎ ሸጣ በወር ከምታገኘው ይበልጥ ነበር። በዚያ ጊዜ አባቴ በወገብ ሕመም ከሥራ ከቀረ አራት ወር ሆኖት ነበር፤ የቤታችን ቆርቆሮም ስለ ተበሳ ክረምት ሲገባ አልጋችንን ከወዲህ ወዲያ እንገፋ ነበር። እናቴ ቡናውን እየቀዳች እጅዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ሰውየው ቡናውን ከጠጣ በኋላ፣ «አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት» አለ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት እንደ ሆነ ጠይቆ ተረዳ። «አሥራ አምስት ብናደርጋት ከ18 ዓመት በታች ተጨማሪ ሁለት ዓመት፣ ከ20 ዓመት በታችም እንደዚሁ ትሮጣለች። ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ፤ ጋሼ የሚጠበቅብዎ መፈረም ብቻ ነው። ሁሉም የሚያደርገው ነው።»

ይህን በሚገባ ለመረዳት ደንቡን ማወቅ ያስፈልጋል። በወጣቶች ውድድር ዕድሜ የሚቆጠረው ሯጩ በተወዳደረበት የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ፣ ማለትም በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን፣ በሚኖረው ዕድሜ ነው። በዚያ ቀን 16 ወይም 17 ዓመት የሆነው ከ18 በታች፣ 18 ወይም 19 የሆነው ከ20 በታች ይባላል። ደንቡ የወጣው ታዳጊ ልጅ ከአካሉ በላይ ከሆነ ሰው ጋር እንዳይታገል ነው። በዚህ ዕድሜ የሁለት ዓመት ልዩነት ትልቅ ነው፤ እኔ ራሴ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰዓቴን አሥራ አምስት ሴኮንድ ቀንሻለሁ። የዓለም የወጣቶች ሻምፒዮና በ1978 ዓ.ም. በአቴንስ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ታላላቅ ሯጮች በዚያ በኩል አልፈዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1985 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በሴኡል የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው በዚያ ውድድር ነው። መድረኩ የተዘረጋው ለወጣቶች ነው፤ በሐሰት ዕድሜ የገባ ሰው የአንዱን ወጣት ቦታ ይዞ ነው የሚሮጠው።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያም እንዲህ አለ፤ «ጌታዬ፣ ይህች ልጅ የተወለደችው ከተራ ዕለት ነው። ታቦቱ ሲወርድ የከበሮውን ድምፅ እየሰማሁ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሁለት ዓመት ቀንስ ማለት፣ በዚያ ቀን በር ላይ አልቆምኩም በል ማለት ነው። እንዴት አድርጌ እላለሁ?» ቀጥሎም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ነገር ግን የምትሮጪው አንቺ ነሽ፤ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ጫማው አምሮኛል። የቤታችንም ቆርቆሮ በዓይኔ ላይ ነበረ። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት የታወሰኝ በዘጠነኛ ክፍል አራተኛ የወጣሁበት ቀን ነው። በአሥራ አምስት ዓመት ስም ብገባ፣ እውነተኛ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት፣ በአንድ ወረዳ በውርጭ ተነሥታ የምትለማመድ ልጅ በእኔ ምክንያት አራተኛ ትሆናለች። እርስዋም እንደ እኔ ምንም ሳትናገር ወደ ቤትዋ ትመለሳለች። ስለዚህ፣ «አባባ፣ ዕድሜዬን አልቀንስም፤ ሰዓቴን እቀንሳለሁ» አልኩት። ሰውየው ሳቀ። አልተቆጣም፤ «ትጸጸታላችሁ» ብሎ ቡናውን አመስግኖ ሄደ። አባቴም ከሄደ በኋላ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ።

የተከተለው ጊዜ ቀላል አልነበረም። በእኔ ፋንታ ሌላ ልጅ እንደ ተወሰደች ሰማን። ጎረቤቶቻችንም፣ «እንጀራዋን በእግርዋ ገፋችው» አሉ። ያን ክረምት ባልዲ ከጣራው ሥር እየደቀንን አሳለፍን። እናቴ በአፍዋ ምንም ባትናገርም፣ ቆሎ እስከ ማታ መቁላት ጀመረች፤ እኔም ከልምምድ ስመለስ አግዛት ነበር። አባቴ በመስከረም ተሽሎት ወደ ሥራው ተመለሰ። አስተማሪያችን ነገሩን ሲሰሙ፣ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው የተጠቀመበትን ባለ ካስማ ጫማ አምጥተው ሰጡኝ። አንድ ቁጥር ይሰፋኝ ስለ ነበር ሁለት ካልሲ ደርቤ ተጫማሁት።

በዚህ ዓመት፣ በእውነተኛው ዕድሜዬ፣ ከ20 ዓመት በታች በሚደረገው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ክልሌን ወክዬ አሰላ ላይ ተወዳደርኩ። በማጣሪያው 2 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጬ ለፍጻሜ አለፍኩ። በፍጻሜው የመጀመሪያውን ዙር በ62 ሴኮንድ ከ8 ጨረስኩ፤ ደወሉ ሲደወል ስድስተኛ ነበርኩ። በ600 ሜትር ላይ ሁለት ሯጮችን አለፍኩ። የመጨረሻው መቶ ሜትር ላይ ሦስተኛዋን ለመያዝ የነበረኝን ሁሉ አወጣሁ፤ እርስዋም የነበራትን ሁሉ አወጣች፤ አንድ እርምጃ ቀደመችኝ። ሰዓቴ 2 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ከ9 ሆነ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ፈጥኜ አላውቅም። አራተኛ ስለ ወጣሁ ሜዳልያ አላጠለቅሁም።

በዘጠነኛ ክፍልም አራተኛ፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍልም አራተኛ። ይሁን እንጂ ሁለቱ አራተኞች እኩል አይደሉም። ያኔ ከቀደሙኝ መካከል የማልችለው ነገር ነበር፤ አሁን ከቀደመችኝ ጋር ያለኝ ልዩነት አንድ እርምጃ ነው፤ አንድ እርምጃ ደግሞ ተሠርቶ የሚገኝ ነገር ነው። ደንቡም አንድ ዓመት ጨምሮ ይፈቅድልኛል። ከውድድሩ በኋላ የአንድ ክለብ አሠልጣኝ ጠርተውኝ ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የልደት ወረቀቴንም አሳየኋቸው። «ፈተናሽን ጨርሰሽ ነይና እንነጋገር» አሉኝ። ይቀበሉኝ ወይም አይቀበሉኝ እንደ ሆነ ገና አላወቅሁም። ለጊዜው ሐሳቤ ሁሉ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ነው፤ አባቴ ያስቀመጠው ደንብ እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በተለይ ከእኔ ቀጥላችሁ በውርጭ የምትነሡ ታናናሾቼ፤ ይህን የጻፍኩት ከሌላው የተሻልኩ ነኝ ለማለት አይደለም። ያ ሰው በእናንተም በር ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ጫማም፣ ገንዘብም ይዞ ይመጣል፤ ቤታችሁም በዚያን ቀን የሚያፈስ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ መልሱን ከማሰብ አስቀድሞ አስቦ መቆየት ይሻላል ብዬ ነው። ወላጆችም ልጃችሁ የተወለደበትን ቀን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ አስቡ። በሩጫ የሚገኘው ሰዓት ከሁለት ነገሮች የተሠራ ነው፤ አንዱ እግር፣ ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ሁለቱም እውነተኛ ሲሆኑ፣ ሯጩ በሰሌዳው ላይ የሚያነበው ቁጥር የራሱ ነው። የእኔ 2 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ከ9 ነው። በሚቀጥለው ዓመት እጅዋን ዘርግታ ይህን ሰዓት የምትረከበኝ ልጅ ከዚህ ትምህርት ቤት እንድትወጣ እመኛለሁ፤ እስከዚያው ድረስ ግን ልቀንሰው እሠራለሁ።